ወኔ ወይስ ሒሳብ? የሲድኒው 10 ሺህ ሜትር በቁጥር ሲታይ

ለመሆኑ ኃይሌ ገብረሥላሴ በሲድኒ ኦሊምፒክ ፖል ቴርጋትን ያሸነፈው በምንድነው? ይህን ጥያቄ ለአሥር ሰው ብታቀርቡ ዘጠኙ «በወኔ!» ይሏችኋል። አሥረኛው ደግሞ «በኢትዮጵያ አምላክ» ይል ይሆናል። ሁለቱንም ለመቃወም አይደለም አነሳሴ። ነገር ግን ለመምህርነት የሚሰናዳ ሰው በዚህ መልስ ረክቶ መቀመጥ የለበትም ባይ ነኝ። ምክንያቱም ነገ በጊምቦ፣ በዴቻ፣ በጨና ወይም በአዲዮ አንድ ት/ቤት ሜዳ ላይ ቆሞ ሕፃናትን የሚያወዳድረው እሱ ነው። የተሸነፈውን ልጅ «አንተ ወኔ የለህም» ብሎ ሊያሰናብተው ነው? ወይስ የትኛው ዙር ላይ፣ በምን ምክንያት እንደተሸነፈ ሊነግረው? ጽሑፌ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በተካሄደው የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ የገባው በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሴኮንድ ነው። ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29። አሰፋ መዝገቡ በ27 ደቂቃ ከ19.75 ሦስተኛ ሆነ። አራተኛና አምስተኛ የወጡት ሁለት ኬንያውያን፣ ፓትሪክ ኢቩቲና ጆን ኮሪር ናቸው። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት 0.09 ሴኮንድ፣ ማለትም ዘጠኝ መቶኛ ሴኮንድ ነው። (በነገራችን ላይ የስፖርት ዘጋቢዎቻችን ይህን «ዘጠኝ ማይክሮ ሴኮንድ» ማለት ይወዳሉ። ማይክሮ አንድ ሚሊዮንኛ ነው እንጂ መቶኛ አይደለም። የሒሳብ ዕጩ መምህራን ይህችን ነገር አደራ!)

ይህን ዘጠኝ መቶኛ ለሃያ አምስቱ ዙር ብናካፍለው ለአንድ ዙር አራት ሺህኛ ሴኮንድ እንኳ አይደርስም። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር ሞሪስ ግሪን በ9.87፣ አቶ ቦልደን በ9.99 ነበር የገቡት፤ ልዩነታቸው 0.12 ነው። እንግዲህ አሥር ኪሎ ሜትር የሮጡት ሁለት ሰዎች መቶ ሜትር ከሮጡት ሁለት ሰዎች ይበልጥ ተቀራርበው ገብተዋል ማለት ነው። ይህን ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማሳየት የአሥርዮሽ ቁጥርን ትምህርት ከማንኛውም የመጽሐፍ ምሳሌ በላይ አያስወድድም ትላላችሁ?

አሁን ወደ ስልቱ። ቴርጋት ተራ ሯጭ አልነበረም። ከ1987 እስከ 1991 ዓ.ም. በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አምስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። በነሐሴ 1989 ብራስልስ ላይ የ10 ሺህ ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን 26 ደቂቃ ከ27.85 አድርሶ ነበር፤ ኃይሌ በግንቦት 1990 ሄንግሎ ላይ 26 ደቂቃ ከ22.75 ሮጦ እስኪወስድበት ድረስ። በሰዓት ሩጫ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አምስት ሴኮንድ ከምናምን ብቻ ነው። ታዲያ በታላላቅ የ10 ሺህ ሜትር ሻምፒዮናዎች ሁልጊዜ ኃይሌ የሚቀድመው ለምን ነበር?

የተገናኙባቸውን ውድድሮች በተራ እንመልከት። በ1987 ጎተንበርግ ኃይሌ አንደኛ፣ ሞሮኳዊው ኻሊድ ስካህ ሁለተኛ፣ ቴርጋት በ1.75 ሴኮንድ ተበልጦ ሦስተኛ። በ1988 አትላንታ ኦሊምፒክ ልዩነቱ 0.83። በ1989 አቴና 1.04። በ1991 ሴቪል 1.29። ከዚያ በ1993 ሲድኒ 0.09። ይህን ያህል ካወቅን «ወኔ» የሚለው መልስ ወዲያው መንገዳገድ ይጀምራል። የኃይሌ ወኔ በአቴና ከአትላንታ ይበልጣል፣ በሲድኒ ደግሞ ቀነሰ ልንል ነው? ኧረ አይሆንም! የተለወጠው ሌላ ነገር ነው።

የለወጠው ቴርጋት ነው። በአትላንታ የሞከረው ረጅም ጥቃት ነበር። አምስት ዙር ያህል ሲቀር ፍጥነት ጨምሮ ሁሉንም አራገፈ፤ አንድ ሰው ብቻ ከጀርባው አልላቀቅ አለው። ኃይሌ ተከትሎት ሄደና ደወሉ አካባቢ አለፈው። ከዚህ ቴርጋት የተማረው ነገር ግልጽ ይመስለኛል፤ ኃይሌን ከሩቅ ጀምሮ ማራገፍ እንደማይቻል። በሲድኒ ያደረገው የተገላቢጦሹን ነው። ደወሉ ሲመታ አምስት ሰዎች አብረው ነበሩ፤ ሦስት ኬንያውያንና ሁለት ኢትዮጵያውያን። ቴርጋት ጠበቀ፣ ጠበቀና 250 ሜትር ገደማ ሲቀር ሳይታሰብ ተወነጨፈ። የመጨረሻውን መታጠፊያ የወጣው እየመራ ነው። ኃይሌ እሱን ለመድረስ ቀጥታውን መንገድ በሙሉ ፈጀ፤ ያለፈውም መስመሩ ላይ በደረት ነው ማለት ይቻላል። አንድ ሰው ለአራት ዓመት ሲያጠና ቆይቶ 0.83 የነበረውን ልዩነት ወደ 0.09 ካወረደ፣ ስልቱ ትክክል ነበር። ተሸነፈ፤ ግን ስልቱ ትክክል ነበር። ይህን ለመናገር ኢትዮጵያዊነታችን ሊያግደን አይገባም።

ሆኖም እኔ የኬንያውያኑን ስህተት የማየው የመጨረሻዎቹ 250 ሜትሮች ላይ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ዙሮች ላይ ነው። የሲድኒው ውድድር በአማካይ አንዱ ዙር 65 ሴኮንድ ተኩል ነው የፈጀው። ቴርጋት በብራስልስ ያን ሰዓት ሲያስመዘግብ ግን አንዱን ዙር በ63 ሴኮንድ ተኩል ነበር የሚዞረው። ሁለት ሴኮንድ በዙር ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ በሃያ አምስት ዙር ሃምሳ ሴኮንድ ይሆናል። በሩጫ መጨረሻ ላይ ከሁሉ የሚፈጥን ሰው መኖሩን እያወቁ ሩጫውን ማለዘብ፣ ያንን ሰው እግሩን አሳርፎ ለመጨረሻው እንዲደርስ መርዳት ነው። በዚያ ላይ ኃይሌ በዚያ ዓመት ተረከዙ ላይ ያለው ጅማት ታሞ ነበር፤ ከኦሊምፒኩም በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ያመመውን እግር የሚፈትነው ፈጣን ሩጫ ነበር እንጂ የለዘበ ሩጫ አልነበረም።

እርግጥ ነው፣ «ኃይሌ እኮ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ነው፤ ሩጫው ቢፈጥንስ ማን ይጠቀማል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ እንደገና ቁጥሩን እንጠይቅ። ከሲድኒ በፊት ሁለቱ አንደኛና ሁለተኛ የሆኑባቸውን ሦስት ውድድሮች እንውሰድ። አትላንታ አማካዩ ዙር 65.1 ሴኮንድ፣ ልዩነቱ 0.83። አቴና 65.8፣ ልዩነቱ 1.04። ሴቪል 67.1፣ ልዩነቱ 1.29። ሩጫው በለዘበ ቁጥር የኃይሌ ብልጫ ሰፍቷል! ሦስት ውድድር ግን ለሕግ አይበቃም፤ ጎተንበርግን ብንጨምር ሥርዓቱ ይፈርሳል። መምህር ሁለቱንም መናገር አለበት፤ ሠንጠረዡ የሚጠቁመውንም፣ ጥቆማው ማስረጃ ያልሆነበትንም ምክንያት። ግምቴን ለመናገር ያህል ግን፣ እኔ የኬንያ አሠልጣኝ ብሆን ኢቩቲንና ኮሪርን ከአሥረኛው ዙር ጀምሮ በየተራ አስጎትት ነበር። እግዜር ይመስገን አልነበርኩም።

በየተራ መጎተት አዲስ ነገር አይደለም፤ የኛው ሰዎች ያደረጉት ነው። በሐምሌ 1972 ሞስኮ ላይ ምሩፅ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ፍጥነቱን አንዴ እያጠበቁ አንዴ እያላሉ የፊንላንዶቹን እነ ላሴ ቪረንን ትንፋሽ አሳጥተዋቸዋል። ምሩፅ በ27 ደቂቃ ከ42.69 አንደኛ፣ ካርሎ ማኒንካ ሁለተኛ፣ መሐመድ ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ። ቪረን አምስተኛ። ሕዝቡስ ምሩፅን ምን ብሎ ጠራው? «ማርሽ ቀያሪው» አለው። አያችሁ፣ «ወኔያሙ» አላለውም! ሕዝቡ ራሱ ያየው ስልቱን ነበር። ወኔ የሚለው ቃል በኋላ በዘጋቢዎች አፍ ተደጋግሞ ነው ሁሉን የሸፈነው።

በዚህ ነገር ከሌሎች የስፖርት ዓይነቶች መማር እንችላለን፤ በተለይ ከቴኒስ። ብዙዎቻችን ራኬት ጨብጠን አናውቅ ይሆናል፤ የቴኒስ ሰዎች ግን እያንዳንዷን ምት ይቆጥራሉ። ሐምሌ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. በዊምብልደን ፍጻሜ ኖቫክ ጆኮቪች ሮጀር ፌደረርን በአምስት ምድብ አሸነፈው (እነሱ «ሴት» ነው የሚሉት፤ ከኛዋ ሴት ጋር እንዳይምታታ ምድብ ልበለው)። 7 ለ 6፣ 1 ለ 6፣ 7 ለ 6፣ 4 ለ 6፣ 13 ለ 12። አራት ሰዓት ከ57 ደቂቃ ፈጀ። አሁን ጉዱን ስሙ። በጠቅላላው ፌደረር 218 ነጥብ አገኘ፣ ጆኮቪች 204። አሥራ አራት ነጥብ የሚበልጠው ሰው ተሸነፈ! እንዲያውም በመጨረሻው ምድብ 8 ለ 7 እየመራ፣ ኳሱን ራሱ እየመታ፣ ለድል አንድ ነጥብ ብቻ የቀረው ሁለት ጊዜ ነበር። ሁለቱንም አጣቸው። ጆኮቪች ግን እኩል ለእኩል ሲሆኑ በሚደረጉት ሦስት መለያዎች ሦስቱንም ወሰደ። ፌደረር ነጥቡን ያከማቸው በ6 ለ 1 ያሸነፈበትን በመሳሰሉ ምድቦች ነው፤ እዚያ የተረፈው ነጥብ ሌላ ምድብ ላይ አይቆጠርለትም። ሁሉም ነጥብ እኩል አይመዝንም ማለት ነው። ሁሉም ዙር እኩል እንደማይመዝነው ሁሉ።

ቡና የሚሸጥ የካፋ ገበሬ ሚዛኑን ሳያይ ብር ይቀበላል? አይቀበልም። ማር ሻጩም እንዲሁ። የልጆቻችንን እግር ግን ሳንመዝን «ይሄ ይሮጣል፣ ያ አይሮጥም» እንላለን። በየት/ቤቱ ውድድር የሚታየው ነገር ይኸው ነው። እንበል ሜዳው አንዱ ዙር 300 ሜትር ነው፤ ልጆቹ አራት ዙር ይሮጣሉ። አንዱ ልጅ ዙሮቹን በ52፣ በ61፣ በ70፣ በ75 ሴኮንድ ዞረ። ሌላው በ64፣ በ64፣ በ65፣ በ60። ተመልካቹ ያጨበጨበው ለመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ በ15 ሴኮንድ ይመራ ነበርና። በመጨረሻ ግን በአምስት ሴኮንድ ተሸነፈ፤ 258 ለ 253። «ልቡ ፈሪ ነው፣ መጨረሻ ላይ ይከዳዋል» ይባላል። እሱም ያምናል፤ በሚቀጥለው ዓመት አይመዘገብም። ፈሪ ቢሆን ኖሮ በ52 ሴኮንድ ይጀምር ነበር? ያ ልጅ ከሁለቱ የተሻለው ሯጭ ሊሆን ይችላል፤ የሚጎድለው የመጀመሪያውን ዙር በ62 እንዲሮጥ የሚነግረው ሰው ነው። ያንን ሊነግረው የሚችለው ደግሞ የየዙሩን ሰዓት የጻፈ መምህር ብቻ ነው። የመጨረሻውን ሰዓት ብቻ የያዘ መምህር 258 ከማለት ሌላ የሚለው የለውም።

ለዚህ ስታዲየም አያስፈልግም። ሜዳው ተዳፋት ቢሆንም፣ የቦንጋ ዝናብ ግማሹን ጭቃ ቢያደርገውም፣ ሁሉም ልጅ የሚዞረው ያንኑ ጭቃ ነው። ሰዓት መያዣ ዛሬ በእጅ ስልክ ውስጥ አለ። ደብተርና እርሳስ አለ። የማይሮጡት ልጆች ደግሞ ጸሐፊ ይሁኑ፤ ዳር ቆመው ከመጮህ ይሻላቸዋል፤ በማግስቱም ያ ሠንጠረዥ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይሆናል። አማካይ፣ ልዩነት፣ መቶኛ፣ ግራፍ ሁሉ ከራሳቸው ሜዳ ይወጣል።

ቴርጋት በበኩሉ ወደ ማራቶን ዞሮ በመስከረም 1996 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ሁለተኛውን ሳሚ ኮሪርን የቀደመው በአንድ ሴኮንድ ነው። «መጨረሻ ላይ ይከዳዋል» የተባለው ሰው፣ ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ በአንድ ሴኮንድ! ክብረ ወሰኑን በመስከረም 2000 እዚያው በርሊን ላይ የወሰደበት ማን እንደሆነ መናገር አያሻኝም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። በሚቀጥለው የክፍሎች ውድድር የሰውነት ማጎልመሻ ተማሪዎች በየዙሩ ሰዓት የሚይዙ ሁለት፣ የሚጽፉ ሁለት ሰዎች ይመድቡልን። ሠንጠረዡ በማግስቱ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ይለጠፍ። የሒሳብ ተማሪዎች ደግሞ ከሥሩ አማካዩን አውጥተው ይጻፉበት፤ እርሳስ ከሌላቸው እኔ አውሳቸዋለሁ።