የአባትሽ ስም ማን ነው?

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር ስለ ልጆች የቁርኣን ሒፍዝ ልጽፍላችሁ ቃል ገብቼ ነበር። ዐውፍ በሉኝና እሱን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ። በክረምቱ የገጠመኝ ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለ፣ እሱን ሳልጽፍ ወደ ሌላ ርእስ ማለፍ አልቻልኩም።

ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። በመኪናው እንግዳ የሚያመላልስ አንድ የሰፈራችን ልጅ መጣና፣ «ኡስታዛ፣ ከአሜሪካ የመጡ ባልና ሚስት አስተርጓሚ ይፈልጋሉ። ሴት ብትሆን ይመርጣሉ፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው» አለኝ። እኔ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ እንጂ አስተርጓሚ ሆኜ አላውቅም። ለምን ሴት እንደፈለጉ ስጠይቀው፣ «ልጅ ይዘዋል። የእኛው አገር ልጅ ናት፤ በጉዲፈቻ የወሰዷት። የነበረችበትን የሕፃናት ማሳደጊያ ሊያሳዩአት ነው» አለ።

ልጅቱ 13 ዓመቷ ነው። የሄደችው በ2007 ዓ.ም. በሦስት ዓመቷ ነበር። ረዘም ያለች፣ ቀጭን፣ ጥያቄ የምታበዛ ልጅ ናት። አማርኛ አንዲት ቃል አታውቅም። አሳዳጊ እናቷ ወፍራም ማኅደር ይዛለች፤ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ ልጅቱ በሦስት ዓመቷ የተነሳችው ፎቶግራፍ፣ ሁሉም በየላስቲኩ ገብቶ ተቀምጧል። የልደት ሰርተፍኬቱን ሳነብ ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ከስሟ ቀጥሎ የሰፈረው የአሜሪካዊው አሳዳጊዋ ስም ነው። የወላጅ አባቷ ስም በሌላ ወረቀት ላይ፣ «ሟች» ከሚል ቃል ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፏል። ሙስሊም ስም ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነውና።

ለወጣት አንባቢዎቻችን ጥቂት ላስረዳ። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ሕፃናት በጉዲፈቻ ሄደዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. ብቻ የሄዱት 2,500 ያህል ነበሩ። ወደ ስፔን፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ጣሊያንም ብዙዎች ተወስደዋል። በወረቀት ላይ የቲም የተባሉ ልጆች ወላጆቻቸው በሕይወት ሆነው መገኘት ሲጀምሩ፣ መንግሥት በ2011 እ.ኤ.አ. በቀን የሚታየውን ጉዳይ ወደ አምስት ዝቅ አደረገው። በዚያው ዓመት አንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ በአሜሪካ በአሳዳጊዎቿ ቤት በደረሰባት በደል ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም በ2013 እ.ኤ.አ. ተፈረደባቸው። በመጨረሻም ጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ለውጭ ዜጎች የሚሰጠውን ጉዲፈቻ አስቀረ። የአገር ውስጡ ግን አልተከለከለም።

የሄድንበት ማሳደጊያም ከሕጉ በኋላ ተዘግቶ ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ሆኗል። ልጅቱ ከአሜሪካ ስትነሳ አልጋዋን አያለሁ ብላ ነበር። መኝታ ቤቱ ስንገባ ትንንሽ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይ ሀ ሁ ሂ ተጽፏል። ግቢው በክረምቱ ዕረፍት ጭር ብሏል። ልጅቱ በመስኮቱ በኩል አንገቷን አውጥታ ብዙ ቆየችና፣ «ዛፍ ነበረ መሰለኝ» አለች። ዘበኛውን ጠየቅሁት። ባሕር ዛፍ ነበር፣ ከተቆረጠ አራት ዓመቱ ነው አለ። ይህንን ስነግራት ፊቷ እንዴት እንደበራ! ያልኖረችበት ቦታ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ ዘበኛው አንዲት ሴትዮ ጠርቶ መጣ። በማሳደጊያው ዘመን ሞግዚት ነበሩ፤ አሁን ወጥ ቤት ይሠራሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው ልጅቱን ትክ ብለው አዩዋት፤ ከዚያ የግራ እጇን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰቡ። ክርኗ አጠገብ ትንሽ ጠባሳ አለ። «ጀበና ላይ ወድቃ ነው፣ በእኔ ተረኛነት» አሉና አለቀሱ። እዚህ ድረስ ያለውን ሁሉ ሳልሳሳት ተረጎምኩ።

ሴትዮዋ እንባቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አያቷን አግኝታለች?»

«የትኛዋን አያት?» አልኩ።

«የአባቷን እናት ነዋ! ከቡታጅራ በኩል ሁለት ጊዜ መጥተው ነበር። ልጄ ተምራ የምትመለሰው መቼ ነው እያሉ። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ታርጋው ተነቅሎ፣ ቤቱ ተዘግቶ አገኙት። እኔ ቁጭ አድርጌ ሻይ አጠጣኋቸው፤ የባለሱቅ ስልክ ትተውልኝ ሄደዋል።»

ውድ አንባቢያን፣ ልጅቱ በመካከላችን ቆማ አንዴ የእሳቸውን አፍ አንዴ የእኔን አፍ ታያለች። በእጃቸው ባለው ወረቀት ላይ የምታሳድጋት ዘመድ የላትም ይላል። አሥር ዓመት ይህንኑ እየሰማች ነው ያደገችው። ምን ብዬ ልተርጉም? አፌ እንዲህ አለ፦ «ስላንቺ ሁልጊዜ አስብ ነበር ይላሉ።»

ልጅቱ ዝም ብላ አየችኝና፣ «እሳቸው የተናገሩት ረጅም ነው፣ አንቺ የተናገርሽው አጭር ነው» አለችኝ።

ክፍል ውስጥ ለልጆች ስለ አማና ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! የሰው ቃል አማና ነው እያልኩ። ያን ቀን እኔው ራሴ ያንን አማና አጎደልኩ። «አዎ፣ አሳጠርኩት፤ መጀመሪያ ለእናትሽ ልንገር» አልኳትና አሳዳጊ እናቷን ወደ ውጭ ጠራኋት።

ሴትዮዋ ስትሰማ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አላወቀችም ነበር፤ ከፊቷ መደንገጥ ይህንን አይቻለሁ። በፍርድ ቤት ቀርቦ የፈረመው አንድ አጎት ብቻ እንደነበረ፣ አድራሻውንም ማንም እንዳልሰጣቸው ነገረችኝ። ባልየው፣ አገራችን እንግባና ቀስ ብለን እንንገራት አለ። በዝቅተኛ ድምፅ ተከራከሩ። እኔ ወደ አጥሩ ራቅ ብዬ ቆምኩ። በመጨረሻ ሚስትየዋ፣ «ዛሬ ማታ ታውቃለች። ሌላ አሥር ዓመት አልሸከመውም» አለች። ነገሯትም።

ሞግዚቷ በዚያው ወደ ቤታቸው ሄደው ወረቀቱን አምጥተው ሰጡን። በዳዊት መጽሐፋቸው ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። የአንዲት ሙስሊም አሮጊት አደራ በአንዲት ክርስቲያን ሴት የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ይህን ያህል ዓመት መቆየቱ፣ ሱብሐነላህ፣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እዚህ ላይ የዲናችንን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ደግ አይሆንም። ብዙ ሰው ኢስላም ጉዲፈቻን ከለከለ ሲባል የቲምን ቤት ወስዶ ማሳደግ የተከለከለ ይመስለዋል። አይደለም። የተከለከለው የልጁን ዘር መሰረዝ ነው። የዘይድ ኢብኑ ሓሪሣን (ረ.ዐ.) ታሪክ አስታውሱ። በልጅነቱ ተዘርፎ በባርነት ተሸጠ፤ ወደ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቤትም ገባ። አባቱና አጎቱ ያለበትን ሰምተው ሊቤዡት መካ ድረስ መጡ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ምርጫውን ለራሱ ለልጁ ሰጡት፤ እሱም እሳቸው ዘንድ መቅረትን መረጠ። ያኔ በካዕባ አጠገብ ልጄ ነው ብለው አወጁለት፤ ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድም ተባለ። በኋላ በሱረቱል አሕዛብ ልጆች በወላጅ አባታቸው ስም እንዲጠሩ ሲታዘዝ፣ ወደ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ ተመለሰ። ፍቅሩ ቀነሰበት? ፈጽሞ! በሙእታ ጦር ሜዳ ሸሂድ እስኪሆን ድረስ ከቅርብ ወዳጆቻቸው አንዱ ነበር። ከሶሓባዎች መካከል ስሙ በቁርኣን የተጠቀሰውም እሱ ብቻ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን አባትየው መካ ድረስ መምጣቱና ልጁን ዓይን ለዓይን ማየቱ ነው። ልጁ ሳያውቅ አልመረጠም።

ይህ የማሳደግ መንገድ ከፋላ ይባላል። ልጁ ይበላል፣ ይማራል፣ ይወደዳል፤ ስሙ ግን የራሱ ነው። አሳዳጊው ከንብረቱ እስከ ሲሶ ድረስ ሊናዘዝለት ይችላል። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ20ኛው አንቀጹ ከፋላን በስሙ ጠርቶታል። በእኛ አገር ስም ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ፈረንጅ የቤተሰብ ስም አለው፤ እኛ ዘንድ ግን የአባት ስም ሲቀየር አያትም ቅድመ አያትም አብረው ይጠፋሉ።

በማግስቱ ስልኩን ደወልን። ሁለት ጊዜ አልሠራም፤ በሦስተኛው አንድ ጎረምሳ አነሳ። «አሉ፣ ደህና ናቸው፤ አሁን ገበያ ሄደዋል» አለ። የአንድ ቀን የተባለው ሥራ ሦስት ቀን ሆነ። ጥያን አልፈን ቡታጅራ ስንደርስ ዝናቡ ይወርድ ነበር። ከከተማው ወጥተን መኪናው በጭቃው አልሄድ ሲል፣ የቀረውን በእንሰቱ መካከል በእግር ሄድን። ልጅቱ ነጭ ጫማ አድርጋ ነበር፤ አንድ ጊዜም አላማረረችም።

አሮጊቷ በር ላይ ቆመዋል። አልጮኹም፣ አልወደቁም። የልጅቱን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩትና፣ «አፍንጫዋ የእሱ ነው» አሉ። ከዚያ ቡና ተፈላ፤ ቆጮና ጎመን ቀረበ።

እናትየዋ በወለደች በጥቂት ቀናት ሞተች። አባትየው ሁለት ዓመት ሳይሞላ በወባ ሄደ። አሮጊቷ ታመው ተኙ፤ ላሚቱ ተሸጠች። አጎት ተብዬው፣ ለትምህርት ትሄዳለች፣ አድጋ ትመለሳለች ብሎ ወሰዳት። ይህን ሲነግሩኝ በክፍቱ በር የመስጊዱ ቆርቆሮ ይታየኛል፤ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። በዚያ ዓመት በመስጊዱ ሁለት ሰፍ ሰው ይሰግድ ነበር አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ ለአንዲት ሕፃን ወተት አጥቶ ነው? ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ከሳቸው ጋር እንደ ሁለት ጣቶች እንደሚቀራረብ ነግረውናል። ሐዲሡን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። የዚያን መንደር ሰዎች ልወቅስ አፌን ስከፍት የራሴ ሰፈር ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። በረመዳን ለየቲሞች ብር እናዋጣለን፤ ቤቱ ወስዶ ያሳደገ ሰው ግን እኔ የማውቀው አንድ ነው፣ እሱም ጫማ ጠጋኝ ነው።

አሮጊቷ ቡናውን እየቀዱ፣ «ትሰግዳለች?» ብለው ጠየቁኝ።

በዚህ ጊዜ አላሳጠርኩም። እንዳለ ተረጎምኩት። አሳዳጊ እናቷ ሲኒዋን አስቀመጠች። «አትሰግድም። እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ ከእኛ ጋር ነው ያደገችው። ቤተሰቦቿ ሙስሊሞች እንደነበሩ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ነግረናታል። መጠየቅ የፈለገችውን ሁሉ እንድትጠይቅ አልከለክላትም» አለች። ይህንንም እንዳለ ተረጎምኩ።

አሮጊቷ ብዙ ዝም አሉ። ጀበናውን መልሰው ጣዱ። «አላህ ያውቃል» አሉ። ከዚያ ወደ ፈረንጇ ዞረው፣ «በልታ ነው ያደገችው፤ ጥርሷ ያምራል። አላህ ይስጥሽ» አሉ። ሴትዮዋ ትርጉሙን ሳትጠብቅ ማልቀስ ጀመረች።

በመጨረሻ ልጅቱ ደብተርና እስክሪብቶ አወጣች። ከአሜሪካ ጀምራ ይዛው የመጣችው ጥያቄ ነበር፤ ማሳደጊያው ውስጥ የሚመልስላት አላገኘችም። «አባቴን ማን ብዬ ልጻፈው? በወረቀቱ ላይ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው።»

አያቷ ጉልበታቸውን በእጃቸው እየመቱ መቁጠር ጀመሩ። የአባቷን ስም፣ የአባቱን አባት፣ የዚያን አባት፣ እያሉ ሰባት አደረሱት። እዚህ ላይ ለእኔ ሥራ አልነበረም፤ ስም አይተረጎምም። ልጅቱ በፈረንጅ ፊደል ጻፈችውና ጮክ ብላ አነበበችላቸው። አራተኛው ላይ ተሳሳተች። አያቷ አረሟት። ደግማ ተሳሳተች፤ ያ ‹ጠ› የሚባለው ፊደል አልወጣ አላት። አሮጊቷ በትራቸውን አስቀምጠው አጠገቧ ተቀመጡና ምላሳቸውን ወደ ላይኛው ጥርሳቸው አስጠግተው አሳዩአት።