«ፈንግል ገባ» አትበሉኝ፤ እኛው ነን ያስገባነው

ወዳጆቼ፣ በተለይ እናንተ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ዶሮ ነው። «መምህር ጡረታ ወጣና ዶሮ ቆጠራ ገባ» የምትሉ ካላችሁ ሳቁ፤ ግን አንብባችሁ ስትጨርሱ ሳቁ።

ሰሞኑን እዚሁ ደብረ ታቦር በእግሬ ስንሸራሸር በአንድ ሳምንት ብቻ ሦስት ቦታ የሞተ ዶሮ ቦይ ውስጥ ተጥሎ አየሁ። ሦስቱም ጋ የሰፈሩን ሰው ጠየቅሁ። መልሱ አንድ ነው፦ «ፈንግል ገባ።»

ገባ! እንደ ጉም ከጉና ተራራ የወረደ ይመስል። ፈንግል በራሱ እግር አይመጣም። ከገበያ ገዝተነው፣ እግሩን አስረን አንጠልጥለነው፣ በገዛ እጃችን በራችንን ከፍተን ነው የምናስገባው።

ሰው ከመውቀሴ በፊት የራሴን ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት ለፋሲካ ሰሞን ከገበያ ሁለት ዶሮ ገዛሁ። ቤት ውስጥ 11 እንቁላል ጣዮች ነበሩኝ። ከገዛኋቸው አንዷ ትንሽ ታንቀላፋለች። «መንገድ አድክሟት ነው» ብዬ ፈትቼ ከሌሎቹ ጋር ለቀቅኳት። በአራተኛው ቀን አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ ማቃሰት፣ ክንፍ መጣል፣ አንገት መጠማዘዝ። እኔ ደግሞ ተማርኩ ባዩ ምን አደረግሁ? ለሰው የሚሸጠውን ቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቼ ውኃቸው ውስጥ በጠበጥኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከ13ቱ ሁለት ቀሩ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኪሳራው የእኔ ነው፤ ዝም እል ነበር። ግን ዶሮዎቼ በአጥር ሾልከው ከጎረቤቴ ጋር ይውሉ ነበር። ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት፣ የልጆቿን ደብተርና እስክርቢቶ በእንቁላል የምትገዛ ሴት ናት። የእሷም ስምንቱ አለቁ። መጥታ «ጋሼ፣ ምን በድዬ ነው እግዜር የተቆጣኝ?» አለችኝ። መልሱን አውቀው ነበር። «እግዜር አይደለም፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የነገርኳት ከወራት በኋላ፣ አራት ቄብ ገዝቼ ይዤ ስሄድ ነው። ይህን ጽሑፍ የሚያጽፈኝ ያ ዝምታዬ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ።

ፈንግል በሌላው ዓለም ስሙ «ኒውካስል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ከታየባቸው ቦታዎች አንዷ የእንግሊዟ የኒውካስል ከተማ ስለነበረች ነው ስሙን ያገኘው። የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቴትራሳይክሊን፣ አሞክሳሲሊን ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ አይነኩም። ሎሚውም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ፌጦውም፣ አረቄውም እንደዚያው። «እኔ ሰጥቻት ድናለች» የምትሉኝ አላችሁ። ወይ ሕመሟ ሌላ ነበር፣ ወይ ራሷ ተቋቁማው ነው። የዶሮ ሕመም ሁሉ ፈንግል አይደለም። ጫጩት ደም የቀላቀለ ኩስ ካሳየች ኮክሲዲዮሲስ ሊሆን ይችላል፤ ለሱ አምፕሮሊየም የሚባል መድኃኒት አለው። ስለዚህ ነው መጀመሪያ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት የሚያስፈልገው። እኛ ግን ከምርመራው በፊት እንክብሉን እንፈታለን። ዶሮዋም አትድንም፣ ነገ ለልጃችን የሚያስፈልገውን መድኃኒትም ጀርሞች እንዲለምዱት እናደርጋለን።

ሁለተኛው ጉዳይ ዋናው ነው። ይህ ቫይረስ ዶሮዋ ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት ሳያሳይ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ስገዛት ደህና ነበረች» የሚባል መከራከሪያ አይሠራም። ደህና መስላ ነው የምትመጣው! መፍትሔው አንድ ነው፤ አዲስ የመጣችውን ለብቻ ማቆየት። 21 ቀን። በሌላ ጥግ፣ በሌላ መጠጫ፣ በሌላ መመገቢያ። መጀመሪያ ነባሮቹን መመገብ፣ ከዚያ አዲሷን፣ ከዚያ እጅንም ጫማንም መታጠብ። በሽታው በኩስ፣ በትንፋሽ፣ በጫማ፣ በቅርጫት፣ በእጅ ይሄዳልና።

ይህ እንግዳ ነገር ነው? በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ «ለይቶ ማቆያ» የሚለውን ቃል ያልተማረ ማን ነው? ከውጭ የመጣ ዘመዳችንን ሳንስም 14 ቀን ጠብቀናል። ለገዛ ወንድማችን የከለከልነውን መቀላቀል፣ ከየት እንደመጣች ለማናውቃት ዶሮ በመጀመሪያው ቀን እንፈቅዳለን።

ታሪክም አስተምሮን ነበር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቡት የታመመ ከብት የተነሳ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ አገሩን አዳረሰ። በሬ አለቀ፣ ማሳ ጦም አደረ፣ ድርቁና አንበጣው ተጨመረና ክፉ ቀን የምንለው ረሃብ መጣ። ያ ሁሉ መዓት የተጀመረው ሳይለይ ከተቀላቀለ እንስሳ ነው። ያው ደስታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ገጽ ጠፋ ተብሎ ታወጀ። ልብ በሉ፣ የሚያድን መድኃኒት ተገኝቶለት አይደለም። በክትባትና በጥብቅ ክትትል ነው የጠፋው።

አሁን መልሳችሁን አውቀዋለሁ።

«ድሃ ነን፣ ለይቶ ማቆያ የምንሠራበት ቦታ የለንም።» ቦታ አልጠየቅኋችሁም። ከጓሮው ወዲያኛው ጥግ የተደፋ ትልቅ ቅርጫት፣ አንድ አሮጌ ጣሳ ውኃ፣ በቃ። ለይቶ ማቆየት የሀብታም ወግ አይደለም። 100 ዶሮ ያለው ሰው ግማሹ ቢሞትበት ነገ ይተካል። አምስት ያላት ናት አምስቱም ሲሞቱ የምትወድቀው።

«ክትባቱ የሚመጣው በብዙ ዶዝ ነው፣ ለአምስት ዶሮ ማን ይከፍትልኛል?» ይህኛው እውነት ነው፣ እቀበላለሁ። ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ ነው የሚዘጋጀው፤ ከተበጠበጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ግን ይህ የክትባት ችግር ሳይሆን ያለመነጋገር ችግር ነው። ለዕቁብ፣ ለዕድር፣ ለማኅበር የምንሰባሰብ ሰዎች ለዶሮ ክትባት አንድ ጠዋት መሰባሰብ ያቅተናል? ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ለጫጩት የሚሰጥ አለ፣ ከፍ ሲሉ የሚሰጥ አለ፣ ሙቀት የሚችልና በዓይን አንድ ጠብታ የሚደረግም አለ። ብዙውን ጊዜ በየ3 እና 4 ወሩ ይደገማል። ቧንቧ ውኃ ውስጥ በጥብጣችሁ ብቻ አትስጡ፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። ደግሞም ክትባት ለጤነኛ ነው፤ በሽታው ከገባ በኋላ የታመመችውን አያድንም።

ለግብርና ባለሙያዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በሽታው ከገባ በኋላ መጥታችሁ ስንት እንደሞተ መመዝገብ ሥራ አይደለም። የክትባቱን ቀን ከበዓላት በፊት በየሰፈሩ አስነግሩ። ሰው እንዲሰባሰብ የምትጠብቁ ከሆነ፣ የምትሰበስቡት እናንተው ናችሁ።

በጣም የሚያንገበግበኝን ለመጨረሻ አቆየሁት። አንዷ ስታንቀላፋ የቀሩትን በችኮላ ገበያ አውጥቶ የሚሸጥ ሰው አለ። «ሳትሞት ገንዘብ ላድርጋት» ብሎ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይህ ብልጠት አይደለም። የሸጥከው ዶሮ ሳይሆን በሽታ ነው። ገዢዋ ደግሞ የእኔን ጎረቤት የምትመስል ሴት ናት። አርዶ ላባና ሆድ ዕቃውን ለውሻ የሚወረውረውም ያው ነው፤ ውሻው ሰፈር ለሰፈር ያዞርለታል። በየዓመቱ ህዳር 12 ቆሻሻ አቃጥለን «በሽታ ውጣ» የምንል ሰዎች፣ በሌላው ቀን የሞተ ዶሮ ቦይ ውስጥ እንጥላለን። የሞተች ዶሮ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮላት ትቀበር፣ ካልሆነም ትቃጠል።

ተማሪዎቼ፣ ክፍል ውስጥ ስህተታችሁን በቀይ ሳሰምር ትቀየሙኝ ነበር። ዛሬ መጀመሪያ ያሰመርኩት በራሴ ስህተት ላይ ነው። ቀጣዩ በዓል ሳይደርስ ለእናታችሁ፣ ለአክስታችሁ፣ ገጠር ላሉት ዘመዶቻችሁ ደውሉና ይህን ብቻ ንገሩልኝ፦ አዲስ ዶሮ 21 ቀን ለብቻዋ፣ ነባሮቹ ይከተቡ፣ የታመመች አትሸጥ፣ የሞተች አትጣል።

የማትስማሙ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ እንከራከራለን። «ፈንግል ገባ» ብቻ እንዳትሉኝ።

ቸር ያሰማን።