ላፕቶፑ ነው የተበላሸው ወይስ ኔትወርኩ ነው የተዘጋው?

“ላፕቶፔ ዋይፋይ እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ?” ከይፋግ፣ ከአዲስ ዘመን፣ ከደብረ ታቦር በተደጋጋሚ የሚላክልን ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚደርሰን ብር ከወጣ በኋላ ነው። ላፕቶፑ ፎርማት ተደርጓል፣ ችግሩ ግን እዚያው ነው።

ለምን? እኛ ዘንድ “አልገናኝ አለ” የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል። አንዱ ጠረጴዛ ላይ የሚስተካከል ብልሽት ነው። ሌላው የትኛውም ጠጋኝ እጁ የማይደርስበት ውሳኔ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ላፕቶፕ ማስፈታት ትርፉ ወጪ ነው።

ነገሩን ለማስታወስ ያህል፣ የካቲት 2 ቀን 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ታገዱ፤ እገዳው ወደ አምስት ወር ገደማ ቆየ። ያ ሲነሳ ብዙም ሳይቆይ በአማራ ክልል ጦርነቱ ተባባሰ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በዚያው ሰሞን የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። በአንዳንድ ከተሞች ዳታ የተመለሰው ዓመት ገደማ ቆይቶ በ2016 ክረምት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ዳታ ሲዘጋ በመስመር የሚገባው ኢንተርኔት በትልልቅ ከተሞች በከፊል ይሰራ ነበር። ስለዚህ ባሕር ዳር ያለ ሰው ላፕቶፑን ይዞ መስመር ያለው ሆቴል ወይም ቢሮ ፈልጎ ሊገባ ይችላል። በወረታና በአዲስ ዘመን መካከል ባለችው ይፋግ፣ ቤቱ መስመር ላላስገባ ወጣት ግን “ዋይፋይ” ማለት የስልኩ ሆትስፖት ነው። ዳታው ሲሄድ ላፕቶፑም አብሮ ይሄዳል። “የሞባይል ዳታ ብቻ ነው የተዘጋው” ሲባል፣ ትንሽ ከተማ ላይ ሁሉም ተዘጋ ማለት ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ፣ የሥራ ማመልከቻ በኢንተርኔት በሆነበት ጊዜ ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ታዲያ እንዴት እንለይ? ኢንተርኔት ላፕቶፓችሁ ጋ ለመድረስ ሦስት ቦታ ያልፋል፤ ቴሌ፣ ከዚያ ራውተር ወይም ሆትስፖት የሆነው ስልክ፣ ከዚያ ላፕቶፑ። የተቆረጠበትን ቦታ መፈለግ ነው።

መጀመሪያ ስልኩን እዩ። ሆትስፖት የሚሰጠው ስልክ ላይ ራሱ አንድ ገጽ ክፈቱ። ፓኬጅ እያለው ካልከፈተ፣ የጎረቤትም ስልክ እንደዚያው ከሆነ፣ ላፕቶፑን ተዉት። እሱ ምንም አላጠፋም።

ስልኩ እየሰራ ላፕቶፑ ብቻ ካስቸገረ ምልክቱን ተመልከቱ፦

1. ምንም የዋይፋይ ስም አይታይም። ኤርፕሌን ሞድ በርቶ እንዳይሆን፣ የዋይፋይ ቁልፉ ጠፍቶ እንዳይሆን አረጋግጡ። ችግሩ ፎርማት ከተደረገ በኋላ የመጣ ከሆነ ግን የዋይፋይ ድራይቨር ሳይጫን ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና ከስልኩ ሴቲንግ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን አብሩ። ያለ ዋይፋይ ኢንተርኔት ይገባል፣ በዚያው ድራይቨሩን ማውረድ ይቻላል።

2. የሌላው ስም ይታያል፣ የእናንተ አይታይም። አሮጌ ላፕቶፖች 5 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ሞገድ አያነቡም። ሆትስፖቱን ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ ቀይሩት።

3. ይገናኛል ግን የኔትወርክ ቁጥሩ በ169.254 ይጀምራል። ላፕቶፑ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው። ብዙ ሰው በአንድ ራውተር ሲጠቀም ይህ ሊያጋጥም ይችላል። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ይሞከራል።

4. ተገናኝቷል ይላል፣ ገጽ ግን አይከፍትም። ቀኑን እዩ። የውስጧ ትንሽ ባትሪ ስትደክም የላፕቶፑ ሰዓት ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2017 ወይም 2018 ብሎ የሞላም አለ። ላፕቶፑ በፈረንጆቹ ካልተሞላ የድረ ገጾችን የደኅንነት ፈቃድ “ገና ነው” ወይም “ጊዜው አልፏል” ብሎ ይመልሰዋል።

ቀኑ ትክክል ከሆነ ቪፒኤንና ፕሮክሲን እዩ። በ2015ቱ እገዳ ጊዜ ያገኘነውን ቪፒኤን ሁሉ ጭነን ነበር። እገዳው ሄደ፣ ቪፒኤኑ ግን ላፕቶፑ ውስጥ ቀረ። አንዳንዱ የማይሰራ ፕሮክሲ ትቶ ይሄዳል፣ ላፕቶፑም ኢንተርኔቱን በሌለ በር ሲፈልግ ይውላል። ቪፒኤኑን አጥፉ፣ ከሴቲንግ ፕሮክሲ የሚለውን ዝጉ።

ይሄን ሁሉ ሞክራችሁ እምቢ ካለ ያኔ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ስትወስዱትም “አይሰራም” ብቻ አትበሉ። “ስልኬ ላይ ይሰራል፣ ላፕቶፑ ላይ ስሙ አይታይም” ካላችሁ ጠጋኙ የት እንደሚጀምር ያውቃል፣ እናንተም ለማያስፈልግ ፎርማት አትከፍሉም።

መቋረጡ ከላይ ከሆነስ? ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዳታ ይሁን መስመር ያዙ። 994 ደውሉና ጠይቁ። መልስ ባይገኝ እንኳ መጠየቁ ዋጋ አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግና የመቀበል ነጻነትን ይጠቅሳል። ኔትወርኩ ተዘግቶበት “ላፕቶፔ ነው የተበላሸው” ብሎ የሚያምን ሰው ግን ማንንም አይጠይቅም፤ ጥፋቱን በራሱ ዕቃ ላይ ጭኖ፣ ከኪሱ ከፍሎ ይቀመጣል። በብዙ ቤት እንዲህ ሲሆን መዘጋቱ የሁሉም ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የእያንዳንዱ የግል ችግር ይመስላል።

እናንተ አካባቢ አሁን እንዴት ነው? ዳታ አለ? መስመርስ? የከተማችሁን ስም ጠቅሳችሁ በውስጥ መስመር አድርሱን። ላፕቶፑን ለማስፈታት እያሰበ ያለ ጓደኛ ካላችሁም ቀድማችሁ አጋሩት።