የረከሰው መሣሪያው ነው፤ ነፍስ አይደለም

ለሠርግ ቀረጻና ለእሽቅድምድም ጨዋታ የተሠራው ትንሽ ድሮን የጦርነትን መልክ እየለወጠ መሆኑን አስተውላችኋልን? ሩሲያ በየካቲት 2014 ዓ.ም. በዩክሬን ላይ ሙሉ ወረራ ከከፈተች ወዲህ የምናየው ይህንኑ ነው። በጥቂት መቶ ዶላር የሚገጣጠም ድሮን፣ ፈንጂ ታስሮበት፣ ሚሊዮኖች የወጡበትን ታንክ ያቃጥላል።

የአየር መከላከያም ስሌት ተገልብጧል። ቀድሞ ውድ ሚሳኤል ውድ አውሮፕላንን ይመታ ነበር። አንድ የፓትሪዮት ሚሳኤል ግን 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣልና፣ በርካሽ ድሮኖች መንጋ ላይ ቢተኮስ አስቀድሞ የሚራቆተው የተከላካዩ ካዝና ነው። ስለዚህ ዩክሬናውያን በመንገዶች ላይ መረብ ይዘረጋሉ፤ የድሮኑን የሬዲዮ ሞገድ ያውካሉ፤ ድሮንንም በድሮን ያሳድዳሉ። ይሁን እንጂ በቀጭን የፋይበር ገመድ የሚመራ ድሮን ደግሞ መጥቷል፤ ሞገድ ቢታወክም እርሱን አያግደውም።

በዚህ ብልሃት ተደንቀን ብቻ ብናልፍ ግን እንስታለን። መድፈኛ የሚገድለውን ሰው ከሩቅ ሆኖ ላያይ ይችላል፤ የድሮን መሪ ግን የሚሸሸውን ሰው በመስታወቱ ውስጥ ያየዋል። ያ ሰው ቁስለኛ ቢሆንስ? እጁን ለምርኮ ያነሣ ቢሆንስ? «አላየሁም» የሚለው ምክንያት ከእንግዲህ አያድንም። ማየት ኃላፊነትን ያከብዳልና።

እንግዲህ «ርካሽ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ እንናገረው። የረከሰው መሣሪያው ነው፤ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረው ሰው ግን ክብሩ አልወረደም። የጦር ዜና ስትሰሙ፣ የተቃጠለውን ታንክ ከመቁጠራችሁ በፊት በውስጡ የነበሩትን አስቡ።