ጠቡ ከዓሣው ነውን?

በካዛንቺስ የሚኖር አንድ ወዳጄ ከዝዋይ ሐይቅ ያስመጣቸውን ቆሮሶዎች በመስታወት ገንዳ ያኖራል። አንዱ ወንድ የሌሎቹን ክንፍ እየነከሰ ከጥግ አስጠግቷቸዋል። ወዳጄም «የዓሣ ጠባይ ነው» ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን አልስማማም። ወንዱ ቆሮሶ በመራቢያው ጊዜ በሐይቁ ወለል ጉድጓድ ምሶ የቀረበውን ማባረሩ እውነት ነው። ነገር ግን በሐይቅ የተባረረው ይሸሻል፤ ጠቡም በዚያው ያበቃል። በመስታወት ውስጥ ወዴት ይሽሽ? እንግዲህ በዳዩ ያጎራቸው ሰው ነው እንጂ ዓሣው አይደለም።

ይህን የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። በመምህርነቴ ዘመን ለሦስት በተሠራ ወንበር አምስት ልጆች አስቀምጬ፥ ተጋፋችሁ ብዬ ገርፌአለሁ።

ልጆቼ ሆይ፥ ደካማውን መሸሻ ነሥቶ ጥቃቱን በተፈጥሮ ማሳበብ ግፍ ነው። ገንዳውን አስፉ፥ መሸሸጊያ ድንጋይ አኑሩ፥ ኃይለኛውን ለዩ፤ ይህን ካልቻላችሁ ዓሣ ወደ ቤታችሁ አታግቡ።