ዳማከሴው ትኩሳቱን አበረደ፤ ወባውን ግን አልነካውም



ባለፈው ሴሚስተር፣ ልክ በፈተና ሰሞን፣ አብሮኝ ዶርም የሚኖረውን ወንድማችንን ትኩሳት ያዘው። «ምች ነው» አልን። ከአጥሩ ሥር ዳማከሴ ቆረጥኩ፤ በመዳፌ አሽቼ ጭማቂውን በቡና አጠጣሁት፤ በቀረውም ግንባሩን አሸሁለት። እናቴ ስታደርግ እያየሁ ያደግኩት ነው። አላበው፤ ትኩሳቱም በረደ። አልሐምዱሊላህ ብለን ተኛን። በማግስቱ ማታ ተመለሰበት፤ ደገምኩለት፤ አሁንም በረደ። በአራተኛው ቀን መቆም ሲያቅተው ደግፈን ክሊኒክ ወሰድነው። የደም ምርመራው ፋልሲፓረም የተባለው ከባዱ ወባ መሆኑን አሳየ። አላህ አተረፈው።

እኔ የአራተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ያሳፈረኝ ቅጠል መጠቀሜ ሳይሆን፣ ስለ ቅጠሉ አንድም ጥያቄ አለመጠየቄ ነው።

ዳማከሴ ውሸት አይደለም። ቅጠሉ ሲታሽ የሚሸተን ተናኝ ዘይት ነው፤ የቅጠሉ ጭማቂ ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ታይቷል። ችግሩ ግን እዚሁ ላይ ነው። ትኩሳት ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም። እኛ ምልክቱን እያበረድን ሦስት ቀን ስንቆይ፣ የወባው ተውሳክ በደሙ ውስጥ እየተራባ ነበር።

ጤና አዳምንም እንመልከት። ከቡና ጋር የምንጠጣው፣ ሆድ ሲነፋን የምናኝከው ቅጠል ነው። ሩቲን የተባለው ታዋቂ ውህድ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ተክል ወገን፣ ከሩታ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ግን ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶችም አሉ። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ሊቃጠልና ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ብዙ ሲወሰድም ጽንስ እስከማስወረድ ስለሚደርስ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። አንድ ዘለላ ስኒ ውስጥ መንከርና አንድ ብርጭቆ ጨምቆ መጠጣት አንድ አይደሉም። ተክል ከሚበላው ነፍሳት መሸሽ አይችልምና አላህ መከላከያውን በቅጠሉ ውስጥ አኑሮለታል። ያው መከላከያ በልኩ ሲወሰድ መድኃኒት፣ ከልኩ ሲያልፍ መርዝ ይሆናል።

አሠራሩም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዮዮ ለወባ መድኃኒት ስትፈልግ ከአርቴሚሲያ ቅጠል ያወጣችው ንጥር መጀመሪያ ላይ አስተማማኝ ውጤት አልሰጣትም። ከ1,600 ዓመታት በፊት የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ስታገላብጥ፣ ቅጠሉ በውኃ ተነክሮ እንደሚጨመቅ እንጂ እንደሚፈላ እንደማይናገር አስተዋለች። ሙቀቱ ፍቱኑን ውህድ እያበላሸው ሊሆን እንደሚችል ጠረጠረችና በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ኤተር አወጣችው። አርቴሚሲኒን የተገኘው እንዲህ ነው፤ እርሷም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሸለመች። ወንድማችንን ያዳነው ክኒንም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ቅጠል ሊገድለው ሲል ያዳነው ቅጠል ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ አንዱ ተለክቶ የተሰጠ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአርቴሚሲያን ሻይ ለወባ የማይደግፈውም ስለዚሁ ነው፤ በእያንዳንዱ ስኒ ያለው መጠን አይታወቅም፤ ያነሰ መጠን ደግሞ ተውሳኩን መድኃኒት ያለማምደዋል።

በግቢያችን ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ቅጠል ሲባል «ኋላቀርነት» ብሎ ይስቃል። ሌላው «ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» ይላል፤ አንዳንዴም ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ዱቄት በሱና ስም ይገዛል። ሁለቱም ከመጠየቅ የሸሹ ናቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት እንዳለው ነግረውናል፤ ይህ እንድንፈልግ የሚያነሳሳ እንጂ ያገኘነውን ሁሉ እንድንውጥ የሚፈቅድ አይደለም። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለጉዳቱ ተጠያቂ እንደሆነም አስተምረዋል። ያንን ሳስብ ዳማከሴ ያሸሁበት እጄ ይከብደኛል። ኢብን ሲናም «አል-ቃኑን» በተባለው መጽሐፋቸው መድኃኒት እንዴት እንደሚፈተሽ ደንብ ደንግገዋል።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ወባ ባለበት አካባቢ ትኩሳት የያዘው ሰው በዚያኑ ቀን ደሙን ይመርመር፤ ዳማከሴው ከምርመራው በኋላ ይደርሳል። ሐኪም ዘንድ ስንሄድም የወሰድነውን ቅጠል አንደብቅ፤ ከክኒኑ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ለእረፍት ወደ ቤት ስንሄድ ደግሞ ደብተር እንያዝ። አያቶቻችንን ቅጠሉ መቼ እንደሚቆረጥ፣ እንደሚፈላ ወይስ እንደሚነከር፣ ስንት እንደሚሰጥ፣ ለማን እንደሚከለከል እንጠይቅ። በፈቃዳቸው፣ ስማቸውን ጭምር እንጻፍ። ቅርንጫፉን በጋዜጣ መሐል አድርቀን እናምጣ፤ የፋርማሲ፣ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ልጆች አለንና ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ አናጣም። እናቴ የምታውቀው እኔ ከማውቀው ይበልጣል። ዳማከሴ መቼ እንደማይሰጥም ታውቅ ይሆናል፤ እኔ ግን ጠይቄያት አላውቅም።