ዝም ያለ ጊታር ለማን ይጠቅማል?

በየቤቱ የማይነካ የሙዚቃ መሣሪያ አለ። ቁም ሳጥን ላይ አቧራ የለበሰ ኪቦርድ፣ ክሩ የተበጠሰ ጊታር፣ ዘመድ ከውጭ የላከው ቫዮሊን። ባለቤቱ አይጫወትበትም፤ ሽጠው ሲሉት ግን ቅር ይለዋል።

ማስቀመጥ ግን መጠበቅ አይደለም። የብረት ክር ያለው ጊታር ተወጥሮ ሲቀመጥ ክሮቹ ወደ 70 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ይስቡታል። ማንም ባይነካውም ቀስ በቀስ ይጎብጣል። ለጀማሪ ተማሪ ቢሸጥ ግን ሥራ ያገኛል።

በገንዘቡስ? ሌላ የፋብሪካ ዕቃ ከመግዛት አንድ ጊታር በባለሙያ እጅ ማሠራት ይሻላል። «እንጨቱ የት አለ?» የሚል አይጠፋም። ስፔናዊው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ በ1862 እ.ኤ.አ. ጎኑና ጀርባው ከተጣበቀ ወረቀት የሆነ ጊታር ሠርቷል። ድምፁን በዋናነት የሚወስነው ስሱ የፊት ገጽ መሆኑን ለማሳየት ነበር። ስለዚህ ለፊት ገጹ የሚሆነው ስፕሩስ ከውጭ ቢመጣ እንኳ፣ ጎኑና ጀርባው ከዋንዛ ሊሆን ይችላል። በገና የሚሠሩ እጆች ዋንዛን ያውቁታል።

እርግጥ ነው፣ በእጅ የሚሠራ ይወደዳል፤ ወራትም ይፈጃል። የመጀመሪያው ላያምርም ይችላል። ነገር ግን ክራር ሠሪው እጁን የፈታው ደንበኛ ስላዘዘው ነው። የሚያዝ ከሌለ የሚለምድ አይኖርም።

ሦስት ዝም ያሉ መሣሪያዎች ከሚቆለሉ አንድ የሚናገር ይበልጣል። ሦስቱም ቢሆኑ በሌላ ሰው እጅ ይናገራሉ።